ሰው ያልፋል፣ ዕቃ ይቆማል፦ ከለንደን ደብሊን በቤልፋስት በኩል መላክ ያዋጣል ወይ?

የውይይት መድረኩን ክር የከፈተችው ሴት ጥያቄዋ ቀጥተኛ ነበር። ለንደን ያሉ የሐበሻ ሸቀጥ አከፋፋዮች ጤፍ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮና ጥሬ ቡና ለደብሊን ሱቆች ሲልኩ፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለወጣች ከ2021 ወዲህ የጉምሩክ ወረቀት አስመርሯቸዋል። በሌላ በኩል በሰሜን አየርላንድና በአየርላንድ ሪፐብሊክ መካከል የየብስ ድንበሩ ላይ ኬላ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ዕቃውን እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ወዳለችው ቤልፋስት ልኮ፣ ከዚያ በቫን ሁለት ሰዓት ነድቶ ደብሊን ማድረስ ምን ይከለክላል? እግረ መንገዷንም ሁለቱ አገሮች እንዲህ ከተዛመዱ ንግዱን ለምን እንዳከረሩት ጠየቀች። መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እያሳጠርኩ አስቀምጣለሁ። ስድብ ብቻ የሆኑትን ዘልያለሁ። ቀንና ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

1ኛው መላሽ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ አጭሩ መልስ አይቻልም የሚል መሆኑን ተናገረ። የየብስ ድንበሩ ባዶ የሆነው ፍተሻው ወደ ባሕሩ ስለተዛወረ ነው። ሰሜን አየርላንድ ለዕቃ ጉዳይ የአውሮፓ ኅብረትን ደንብ ይዛ ቀርታለች፤ ስለዚህ ከለንደን የሚመጣ ጭነት ቤልፋስት ወይም ላርን ወደብ ላይ ሲደርስ ሁለት መስመር ይጠብቀዋል። ለንደንና የአውሮፓ ኅብረት ስለ ሰሜን አየርላንድ ንግድ በየካቲት 2023 የተስማሙበት የዊንዘር ማዕቀፍ ያመጣው አረንጓዴ መስመር ዕቃው እዚያው ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ለሚቀር፣ ነጋዴውም በብሪታንያ የውስጥ ገበያ መርሐ ግብር ለተመዘገበ ነው። ቀዩ መስመር ወደ ሪፐብሊኩ ሊሻገር ለሚችል ዕቃ ሲሆን ሙሉ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ)፣ የአውሮፓ ኅብረት ቀረጥና የምግብ ቁጥጥር አለው። መድረሻው ደብሊን መሆኑ እየታወቀ በአረንጓዴ ማሳለፍ የሐሰት መግለጫ ነው፤ ምዝገባውን ያሰርዛል፣ ቀረጡ ከነቅጣቱ ይመጣል። በቀዩ ከገባ በኋላ ግን ወደ ደብሊን ያለ ሌላ ጉምሩክ መንዳት እንደሚቻል አክሏል። ማለትም በቤልፋስት መዞሩ መንገድ ያስረዝማል እንጂ ወረቀት አይቀንስም።

2ኛው በዚህ ተስማምቶ፣ ይልቅ ቀጥተኛውን፣ ከዌልሱ ሆሊሄድ ወደብ ደብሊን የሚወስደውን መንገድ አሳምሮ መሥራት ይሻላል ብሎ ሂደቱን ዘረዘረ። መርከቡ የሚጓዘው ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ወረቀቱ ግን መኪናው መርከብ ሳይሳፈር ማለቅ አለበት። ላኪው በብሪታንያ የኢዮሪ (የጉምሩክ ነጋዴ መለያ) ቁጥሩ የወጪ ዲክላራሲዮን ያስገባል። ተቀባዩ በአየርላንድ ኢዮሪ የገቢ ዲክላራሲዮን ቀድሞ ያቀርባል። አጓጓዡ የደኅንነት መግለጫ ያስገባል። ከነዚህ የሚወጡት የማጣቀሻ ቁጥሮች ሁሉ በአየርላንድ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ሲስተም ላይ ተሰብስበው ለአንድ መኪና አንድ የቅድመ መሳፈሪያ ቁጥር ይሰጣል። ያ ቁጥር ከሌለ ሆሊሄድ ላይ መኪናው አይሳፈርም። መርከቡ ደብሊን ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሾፌሩ በስልኩ አይቶ ቀጥታ እንደሚወጣ ወይም ለፍተሻ እንደሚጠራ ያውቃል።

በተለይ የጠቀመው ቀጥሎ የጻፈው ይመስለኛል፤ የሚበላሸው የት ነው የሚለው። ጭነቱ የቡድን ሲሆን፣ ማለትም አንድ ተሳቢ ላይ የአሥር ነጋዴ ዕቃ ሲጫን፣ የአንዱ ወረቀት ከጎደለ የዘጠኙም ይቆማል። ስለዚህ በርበሬ ከሚጭን አጓጓዥ ጋር ሲዋዋሉ አብሮ ምን እንደሚጫን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የወተት ተዋጽኦ ካለበት የእንስሳት ሐኪም ሰርተፊኬት ጣጣ ጎትቶ ያመጣል። ሁለተኛው የእንጨት ፓሌት ነው። ከ2021 ጀምሮ በሙቀት የታከመ መሆኑን የሚያሳየው የኤችቲ ማህተም የሌለው ፓሌት ውድቅ ሊሆን ይችላል። በላዩ ያለው ዕቃ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ፓሌቱ ያስመልሰዋል። ሦስተኛው፣ ላኪው ቀረጡንም ማጓጓዣውንም እኔ እከፍላለሁ ብሎ ሲዋዋል ነው። አየርላንድ ውስጥ ድርጅት የሌለው ላኪ ዲክላራሲዮኑን በራሱ ማቅረብ ስለማይችል፣ ወኪል ካልያዘ ጭነቱ ባለቤት አጥቶ ወደብ ላይ ይቀመጣል።

3ኛው የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ የቅድመ መሳፈሪያ ቁጥሩን የሚያወጣው ነጋዴው ነው ወይስ ሾፌሩ? 4ኛው፣ በሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ማንም ሊያወጣው ቢችልም በተለምዶ አጓጓዡ እንደሚያወጣው መለሰ። ነጋዴው ግን የዲክላራሲዮን ቁጥሩን ለአጓጓዡ በጊዜ ካልላከ ጥፋቱ የነጋዴው ነው። በተጨማሪም 2ኛው የረሳውን አስታወሰ፤ የአየርላንድ አስመጪ የገቢ ቫቱን ወደብ ላይ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የለበትም፣ በመደበኛ የቫት ማሳወቂያው ላይ አስመዝግቦ እዚያው ማወራረድ ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ለቫት መመዝገብ ነው።

5ኛው ጉምሩክ አስተላላፊ ሳይሆን አይቀርም፤ አጻጻፉ ይናገራል። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ልክ ቢሆንም ዋናውን ስቷል አለ፦ የስሪት አገር። ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ የተዋዋለችው የንግድና ትብብር ስምምነት ቀረጥ ዜሮ ያደረገው በብሪታንያ ወይም በአውሮፓ ኅብረት ለተሠራ ዕቃ እንጂ በብሪታንያ ለተቀመጠ ዕቃ አይደለም። ጀርመን የተመረተ ከረሜላ እንግሊዝ መጋዘን ገብቶ፣ ምንም ሳይሠራበት ወደ ደብሊን ሲላክ ቀረጥ ይጠየቅበታል፤ ከኅብረቱ ወጥቶ ወደ ኅብረቱ መመለሱ በራሱ አያድነውም። ዱቄትም አለ። የአየርላንድ ዳቦ ቤቶች ዱቄት በብዛት ከብሪታንያ ይገዛሉ፤ የብሪታንያ ወፍጮዎች ደግሞ ለጠንካራ ዱቄት የካናዳ ስንዴ ይቀላቅላሉ። የውጭው ስንዴ ከ15 በመቶ ካለፈ ዱቄቱ የብሪታንያ መሆኑ ቀርቶ በቶን 172 ዩሮ ይከፈልበታል።

ከዚያ ወደ ጥያቄው ተመለሰ። የኢትዮጵያ ምርት በቀጥታ ከኢትዮጵያ አውሮፓ ኅብረት ሲገባ፣ ላላደጉ አገሮች በተሰጠው ዕድል ከቀረጥ ነፃ ነው። ለንደን ገብቶ ለብሪታንያ ገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ያ ዕድል አብሮት አይሻገርም፤ ከብሪታንያ ሲወጣ የኢትዮጵያ ዕቃ እንደሆነ ይቆያል፣ ሙሉ ቀረጥም ይታሰብበታል። ጥሬ ቡና ለማንም ዜሮ ስለሆነ ችግር የለበትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተቆልቶ ለንደን የተራገፈ ቡና ግን 7.5 በመቶ ይመጣበታል። ብዙ ነጋዴ ኢንቮይሱ ላይ የብሪታንያ ስሪት ብሎ የሚጽፈው ተንኮል አስቦ ሳይሆን ከለንደን ስለገዛው ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው፣ ኦዲት ሲመጣ ልዩነቱ ለሦስት ዓመት ወደ ኋላ ይጠየቃል።

6ኛው እዚህ ላይ ተቆጥቶ ገባ። ይህ ሁሉ አውሮፓ ኅብረት ብሪታንያን ለመቅጣት የፈጠረው ነው፣ አየርላንድም መሣሪያ ሆናለች ባይ ነው። 7ኛው ቁጣውን በቁጣ መለሰለት። ስምምነቱ ታኅሣሥ 24 ቀን 2020 ሲደመደም ለንደን ራሷ የተቀበለችው ነው፤ የስሪት አገር ደንብም በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። እንዲያውም ብሪታንያ ከአውሮፓ በሚገባው ላይ የራሷን ቁጥጥር ደጋግማ እያራዘመች ሦስት ዓመት ቆይታ፣ የምግብ ሰርተፊኬት መጠየቅ የጀመረችው በጥር 2024 መጨረሻ ነው፤ ያ ሁሉ ጊዜ የአየርላንድ ላኪ በነፃ ሲገባ የብሪታንያው በወረቀት ይንገላታ ነበር። ማን ማንን እንደቀጣ እዚያ ላይ ቁጠሩ ብሎ ወጣ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ቃናው ግን ክሩን አሞቀው።

8ኛው ከርዕሱ ወጣ፤ እኔ ግን ከክሩ ሁሉ የወደድኩት የእሱን ነው። የሁለቱ አገሮች የቀረጥ ጠብ በብሬክዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣቷ፣ አልተጀመረም አለ። ነፃው የአየርላንድ መንግሥት ሚያዝያ 1 ቀን 1923 የጉምሩክ ኬላ ተከለ፤ የተፈቀደና ያልተፈቀደ መንገድ የሚባል ነገር ያኔ መጣ። በ1932 የአየርላንዱ መሪ ዴ ቫሌራ ሥልጣን ሲይዝ፣ ገበሬዎች መሬታቸውን ለገዙበት ብድር ለለንደን ይከፍሉት የነበረውን ዓመታዊ ክፍያ አቋረጠ። ለንደን በአየርላንድ ከብትና እርሻ ምርት ላይ 20 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ ደብሊንም በብሪታንያ ከሰልና ሌላ ዕቃ ላይ መለሰች። የከብት ዋጋ ስለወደቀ መንግሥት፣ ጥጃውን አርዶ ቆዳውን ለሚያመጣ ገበሬ ጉርሻ እስከመክፈል ደረሰ። መጀመሪያ የላላው በ1934 መጨረሻ በተደረሰው የከሰልና የከብት ውል ነው፤ እኛ ከሰል እንገዛለን፣ እናንተ ከብት ግዙ ዓይነት። በሚያዝያ 1938 አየርላንድ 10 ሚሊዮን ፓውንድ አንድ ጊዜ ከፍላ ዕዳው ተዘጋ፤ ብሪታንያም ይዛቸው የነበሩትን ሦስት ወደቦች፣ ኮቭን፣ ቤርሄቨንንና ሎክ ስዊሊን አስረከበች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አየርላንድ ገለልተኛ መሆን የቻለችው በዚህ ነው፤ ቸርችል ወደቦቹ መሰጠታቸውን በወቅቱም ተቃውሞ ነበር።

9ኛው አመስግኖ የጎደለውን ሞላ፦ በታኅሣሥ 1965 የነፃ ንግድ ስምምነት ተፈርሟል፤ ሁለቱም ጥር 1 ቀን 1973 የአውሮፓ ማኅበረሰብ የገቡት አንድ ላይ ነው፤ የአየርላንድ ፓውንድም እስከ መጋቢት 1979 ከብሪታንያው ጋር አንድ ለአንድ ታስሮ ነበር። የጉምሩክ ኬላዎቹ የተነሡት ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት በ1998ቱ የሰሜን አየርላንድ የሰላም ስምምነት ሳይሆን በጥር 1993 የአውሮፓ ነጠላ ገበያ ሲጀመር ነው። ከ1998 በኋላ የጠፉት የወታደር ማማዎቹ ናቸው።

10ኛው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ሰው ጠየቀ። ደብሊን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ የሆነ ሰው በባቡር ቤልፋስት ደርሶ መመለስ ይችላል ወይ? 11ኛው ደረቱን ነፍቶ፣ የጋራ የጉዞ ቀጠና የሚባል ውል ስላለ ቪዛ አያስፈልግም አለ። ይህ መልስ አደገኛ ስለሆነ 12ኛው በደንብ ተነሣበት። የማያውቁትን እየጻፉ ሰውን ለእስራት መዳረግ ነውር ነው ብሎ ጀመረ። የጋራ የጉዞ ቀጠናው መብት የሚሰጠው ለብሪታንያና ለአየርላንድ ዜጎች ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊ ለሁለቱም አገር ለየብቻው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአየርላንድ መኖሪያ ካርድ ቤልፋስት ላይ አይሠራም፣ የብሪታንያም ደብሊን ላይ አይሠራም፤ ሼንገን ቪዛ ደግሞ ለሁለቱም አይሆንም። አንዱ ቪዛ ለሁለቱም የሚያገለግልበት መርሐ ግብር ያለው ለሕንድና ለቻይና ዜጎች ነው። ድንበሩ ላይ የሚያስቆም ባይኖርም የአየርላንድ ፖሊስ ከሰሜን በሚመጡ አውቶቡሶች ላይ ድንገተኛ ፍተሻ ያደርጋል፤ ብሪታንያም በሰሜን አየርላንድ ወደቦችና ኤርፖርቶች ታደርጋለች። አንዴ ያለቪዛ መግባት በኋላ ለዜግነት ሲያመለክቱ ፋይሉ ላይ ይወጣል።

13ኛው ረጋ ብሎ አስተካከለ፦ ውል አይደለም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በልማድ የቆየ፣ በጦርነቱ ተቋርጦ በ1952 የተመለሰ አሠራር ነው፤ ግንቦት 8 ቀን 2019 ሁለቱ መንግሥታት የፈረሙት የመግባቢያ ሰነድም በራሱ አስገዳጅ አይደለም። ግን በየአገሩ ሕግ ተደግፏል። የአየርላንድ ዜጋ ብሪታንያ ውስጥ ያለ ምንም ፈቃድ ይኖራል፣ ይሠራል፣ ለፓርላማም ይመርጣል፤ የ1949ኙ የብሪታንያ ሕግ አየርላንድ ሪፐብሊክ ብትሆንም ባዕድ አገር አይደለችም ይላል። የብሪታንያ ዜጋም ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአየርላንድ ፓርላማ ይመርጣል፤ ለፕሬዚዳንት ግን አይመርጥም። የአየርላንድ ዜግነት ያገኘ ሐበሻ ይህ ሁሉ ይገባዋል።

ከ14 እስከ 16 ያሉት ወደ ስፖርት ሄዱ። 14ኛው ራግቢና ቦክስ ለመላው ደሴት አንድ ቡድን ሲኖራቸው እግር ኳስ ለምን ሁለት ሆነ አለ፤ 15ኛው የእግር ኳሱ ማኅበር በ1921 መከፈሉን፣ በ1998ቱ ስምምነት ምክንያት ሰሜን የተወለደ ሰው አየርላንዳዊም መሆን ስለሚችል ተጫዋቹ ለሪፐብሊኩ ቡድን መጫወትን መምረጥ እንደሚችል፣ ይህንንም የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በ2010 ማጽናቱን ነገረው። 16ኛው ስለ ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ጻፈ። ኅዳር 21 ቀን 1920 የብሪታንያ ኃይሎች ጨዋታ ላይ ተኩሰው 14 ሰው የገደሉበት ሜዳ ነው። በየካቲት 2007 የእንግሊዝ ራግቢ ቡድን እዚያው ሲጫወት የብሪታንያ መዝሙር ተዘምሮ ሕዝቡ በጸጥታ ሰማ፤ አየርላንድ 43 ለ13 አሸነፈች። በግንቦት 2011 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሜዳውን ጎበኘች፤ በደብሊን ቤተ መንግሥት ግብዣ ላይም ንግግሯን በአይሪሽ ቋንቋ ጀመረች። ከሦስት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሂጊንስ ለንደንን በይፋ ጎበኙ፤ የአየርላንድ ርዕሰ ብሔር እንዲህ ዓይነት ይፋዊ ጉብኝት ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር።

17ኛው ወደ ዕቃ መለሰን፤ ኬላ ቢተከል ምን እንደሚሆን ለማሳየት ሁለት ምሳሌ ይዞ። ሰሜን ከሚታለበው ወተት ሲሶ ያህሉ ተሻግሮ ሪፐብሊኩ ውስጥ ይቀነባበራል፤ ከሁለቱም ወገን የመጣው አንድ ጋን ውስጥ ይገባል። ጊነስ ቢራ ደብሊን ይጠመቃል፣ በቦቴ ቤልፋስት ሄዶ ይታሸጋል፣ ተመልሶ ወደ ደብሊን ወደብ ይመጣል። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ድንበር ላይ ሁለቱ መንግሥታት የቆጠሯቸው 208 መሻገሪያዎች አሉ። ይህን ሁሉ መቆጣጠር ስለማይቻል ነው ፍተሻው ጥቂት ወደቦች ላይ የተደረገው።

ይህ ለ18ኛው አልተዋጠለትም። ሰሜን አየርላንድ ያልመረጠችው ምክር ቤት የሚያወጣውን ሕግ ትቀበላለች፤ ይሄ ምኑ ዲሞክራሲ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያቀረበበት መንገድ ግን ወደ ሃይማኖት ሊወስደው ሲል 19ኛው ቀድሞ ያዘው። ሁለት መያዣ አለ አለ። አንደኛው፣ ከ90 የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት (ስቶርሞንት) አባላት ቢያንስ ከሁለት ፓርቲ የሆኑ 30 ከፈረሙ በአዲስ የአውሮፓ ደንብ ላይ ማቆሚያ መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛው፣ ይህ አሠራር ይቀጥል ወይ በሚለው ላይ ምክር ቤቱ በየጊዜው የሚሰጠው ድምፅ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2024 በ48 ለ36 ጸድቋል። ከሁለቱም ማኅበረሰብ፣ ከብሪታንያ ጋር መቆየት ከሚፈልገውም ከአየርላንድ ጋር መዋሐድ ከሚፈልገውም፣ ድጋፍ ስላላገኘ የሚቆየው ስምንት ሳይሆን አራት ዓመት ነው።

20ኛ ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። ቤልፋስትን ትቻለሁ አለች። ግን ዘመድ ለመጠየቅ ከለንደን ደብሊን የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ ንጥር ቅቤና ቋንጣ መያዝ ይችላል? 21ኛው አይችልም አላት። ከብሪታንያ ወደ ሪፐብሊኩ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ መግባት ክልክል ነው፤ ከሕፃን ወተትና በሕክምና ከታዘዘ ምግብ በስተቀር። ሽሮና ጤፍ ዱቄት ችግር የለባቸውም፤ በርበሬ ለራስ ፍጆታ በጥቂቱ ያልፋል። ለንግድ የሆነ በርበሬ፣ ዝንጅብልና እርድ ግን፣ ከኢትዮጵያ ሲሆን በአፍላቶክሲን (ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ) ስጋት ተጨማሪ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ውስጥ ነው፤ ለንደን መቆየቱ ከዚህ አያወጣውም። ዝርዝሩ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ስለሚከለስ ከመጫን በፊት ማየት ነው።

22ኛው፣ ያው 5ኛው ሰው፣ ለጠያቂዋ የሚያዋጣውን ነገራት። ብዛት ያለው የደብሊን ዕቃ ከጅቡቲ በሮተርዳም ወይም በአንትወርፕ አድርጎ ቀጥታ ደብሊን ይግባ፤ ከ6,000 ዩሮ በላይ ከሆነ ኢትዮጵያ ያለው ላኪ በአውሮፓው የላኪዎች መዝገብ ተመዝግቦ የስሪት መግለጫውን ኢንቮይሱ ላይ ይጻፍ። ኮንቴይነሩን ለንደንና ደብሊን መካፈል ግድ ከሆነ፣ የደብሊኑ ድርሻ ብሪታንያ ውስጥ ሳይለቀቅ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ይከፈልና በትራንዚት ሰነድ ይሻገር፤ እንዲህ ሲሆን የኢትዮጵያ ዕድሉ አይጠፋም። ለትራንዚቱ ዋስትና ስለሚጠየቅ፣ ዋስትና ያለው አስተላላፊ ካልተገኘ ለትንሽ ጭነት ቀረጡን ከፍሎ መገላገል ይረክሳል። ቤልፋስት ላይ ሱቅ ላላቸው ግን አረንጓዴው መስመር ጥሩ ነው፤ የችርቻሮ ምግብ መርሐ ግብሩ ላይ መመዝገብና በሚጠየቅበት ዕቃ ላይ ለአውሮፓ ኅብረት አይደለም የሚለውን ጽሑፍ መለጠፍ ይበቃል።

23ኛው በሆሊሄድ ብቻ አትተማመኑ አለ። በታኅሣሥ 2024 ዳራ በተባለው ማዕበል ጊዜ የመርከብ ማረፊያዎቹ ተጎድተው፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል ወደቡ ተዘጋ፤ በከፊል የተከፈተው ጥር 16 ቀን 2025 ነው። የሚበላሽ ነገር የሚልክ ሰው የሊቨርፑል ደብሊንን ወይም ከዌልሱ ፊሽጋርድ ወደ አየርላንዱ ሮስሌር ወደብ የሚሄደውን መስመር የሚያውቅ አጓጓዥ ይያዝ፤ የቅድመ መሳፈሪያው ቁጥርና ዲክላራሲዮኑ በመግቢያ ወደቡ ስለሚሠራ ወደብ ሲቀየር ሰነዱም አብሮ መስተካከል አለበት። ብዙ መኪና ያኔ የቆመው በማዕበሉ ሳይሆን ሮስሌር ደርሶ ሰነዱ ደብሊን ስለሚል ነው ብሎ 24ኛው ሲያጋንን፣ 23ኛው ብዙ አላልኩም፣ ይከሰታል ነው ያልኩት ብሎ መለሰለት።

25ኛው ተስፋ ይዞ መጣ፦ በግንቦት 2025 ለንደንና ብራስልስ የምግብና የእጽዋት ጤና ስምምነት ለማድረግ ስለተግባቡ ይህ ሁሉ ሊቀር ነው። 26ኛው፣ መጨረሻ የጻፈው፣ የሚቀረው የሐኪም ሰርተፊኬትና የወደብ ላይ የምግብ ፍተሻ ነው አለ። ብሪታንያ የጉምሩክ ኅብረቱ ውስጥ ስላልገባች ዲክላራሲዮኑ፣ የቅድመ መሳፈሪያው ቁጥርና የስሪት አገር ጥያቄው እንዳሉ ይቆያሉ። ቅቤ ላኪ ይጠቀማል፤ በርበሬ ላኪ የአፍላቶክሲኑን ጉዳይ እስከዚያው ከአዲስ አበባ ጀምሮ በላብራቶሪ ወረቀት ይጨርስ።